በ«ባትማን» ካርቱን ውስጥ የተደበቁ ጥቅሻዎች፦ ለጅማው ጥያቄና መልስ የሚበቁት የትኞቹ ናቸው?

የሂርማታ ልጅ (ክሩን የከፈተው)፦

ሰላም ለሁላችሁ። በጅማ ያለን የካርቱን ወዳጆች እ.ኤ.አ. በ1992 መታየት በጀመረው የ«ባትማን» ተከታታይ ካርቱን ላይ የጥያቄና መልስ ውድድር ልናካሂድ ቀን ቆርጠናል። ቦታው ፈረንጅ አራዳ፣ አንድ ወዳጃችን የፈቀደልን ሳሎን ነው። ከተወዳዳሪዎቹ ግማሾቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሲሆኑ፣ ግማሾቹ ደግሞ ካርቱኑን በልጅነታችን በዲሽ፣ ያውም በዓረብኛ ተተርጉሞ፣ የተመለከትን የሰፈር ሰዎች ነን። አሸናፊው አንድ ባለሦስት እግር የጅማ በርጩማ ይሸለማል። ጥያቄ የማውጣቱ ዕጣ ለእኔ ስለደረሰኝ እገዛችሁን እፈልጋለሁ። የክፍሎቹን ስም ወደ አማርኛ መልሼ እጽፋለሁ፤ ዓመተ ምሕረቱም ካልገለጽኩ በስተቀር እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

«የባትማን እውነተኛ ስም ማን ነው?» የሚል ጥያቄ በረንዳ ላይም አይጠየቅም። እኔ የምፈልገው ሠሪዎቹ በሥዕሉ፣ በድምፁ ወይም በገጸ ባሕርያቱ ስም ውስጥ ሸሽገው ያስቀመጡትን ጥቅሻ ነው። አንድ ቅድመ ሁኔታ ብቻ አለኝ፦ ጥቅሻው ሲገለጥ ታሪኩ የበለጠ መብራት አለበት። «ይህ ሰውዬ እገሌን ይመስላል» ተብሎ እዚያው የሚያልቅ ነገር ለበርጩማ አይበቃም።

መነሻ እንዲሆናችሁ የመግቢያውን ምስል አስታውሱ። ሁለት ዘራፊዎች ባንክ አፈንድተው ይሸሻሉ፤ ጣሪያ ላይ ሲደርሱ አንድ ጥላ ይወርድባቸዋል፤ ፖሊሶቹ ሲመጡ ሌቦቹን ታስረው ያገኟቸዋል፤ በመጨረሻም መብረቅ ሲበርቅ ከሕንፃው ጫፍ ላይ የቆመው ሰው ለቅጽበት ይታያል። በዚህ ሁሉ መካከል የተከታታዩ ርዕስ አንድም ጊዜ በጽሑፍ አይወጣም። ስንቱ ተመልካች ይህን ልብ እንዳላለ ብትጠይቁ ትገረማላችሁ። ከብሩስ ቲም ጋር ተከታታዩን የፈጠረው ኤሪክ ራዶምስኪ የከተማይቱን ሥዕሎች በነጭ ወረቀት ፋንታ በጥቁር ወረቀት ላይ ያሠራ ነበር። ሠዓሊው ጨለማውን አይቀባም፤ ጨለማው ቀድሞ አለ፣ እርሱ የሚጨምረው ብርሃኑን ብቻ ነው። የጎተም ከተማ ሌሊት ከሌሎች ካርቱኖች ሌሊት የሚለየው በዚህ ምክንያት ነው። እስኪ እናንተም ያላችሁን አምጡ።

ጂሬን ማዶ፦

ልጄ፣ ቅድመ ሁኔታህን ወድጄዋለሁ። በዚያ ሚዛን ከተሄደ ግን «ከግራጫው መንፈስ ተጠንቀቁ» የተሰኘውን ክፍል የሚቀድም አይኖርም። የተላለፈው ኅዳር 4 ቀን 1992 ሲሆን፣ በእኛ ጥቅምት 25 ቀን 1985 ዓ.ም. መሆኑ ነው።

ክፍሉ የሚከፈተው ሕፃኑ ብሩስ ዌይን፣ ማለትም ባትማን በልጅነቱ፣ ከአባቱ ጋር ሆኖ «ግራጫው መንፈስ» የተባለውን የቴሌቪዥን ጀግና ሲመለከት ነው። በቴሌቪዥኑ ውስጥ ሕንፃ ይፈነዳል፤ ወዲያው ምስሉ ይቀየርና በዛሬዪቱ ጎተም ሌላ ሕንፃ በዚያው ሁኔታ ሲፈነዳ እናያለን። ባትማን ወንጀሉን ለመፍታት በልጅነቱ ያየውን ክፍል መጨረሻ ማወቅ አለበት፤ ፊልሞቹ ግን በስቱዲዮ ቃጠሎ ጠፍተዋል። ስለዚህም የቀድሞውን ተዋናይ ሳይመን ትሬንትን ይፈልገዋል። ትሬንት በዚያ አንድ ገጸ ባሕርይ ምክንያት ሌላ ሥራ አጥቶ፣ የቤት ኪራይ ለመክፈል የድሮ ዕቃዎቹን የሚሸጥ ሽማግሌ ሆኗል።

የትሬንትን ድምፅ የሰጠው አዳም ዌስት ነው። አዳም ዌስት ደግሞ ከ1966 እስከ 1968 በታየው የቴሌቪዥን ተከታታይ ባትማንን ሆኖ የተጫወተ፣ ከዚያም በኋላ ተመልካቹ ሁሉ በዚያ ልብስ ብቻ ስላወቀው ሥራ ለማግኘት የተቸገረ ተዋናይ ነበር። ስለዚህ ሽማግሌው ስለ ዕጣ ፈንታው ሲያማርር የሚሰማው የተዋናዩ የራሱ ኑሮ ነው። ባትማን ዋሻውን ሲያስጎበኘው ትሬንት የሚያየው የራሱን የድሮ መደበቂያ ትክክለኛ ግልባጭ ነው። በመጨረሻም ብሩስ ዌይን ያለ ጭምብል፣ እንደ ማንኛውም ደንበኛ ፊርማ ለማስፈረም ቀርቦ፣ ቀደም ሲል በባትማንነቱ የነገረውን ነገር ይደግምለታል፦ በልጅነቱ ከአባቱ ጋር ያየው እንደነበር፣ ጀግናውም እርሱ እንደነበር። ሽማግሌው ቀና ብሎ ያየዋል። ማን እንደሆነ ገብቶታል፤ ግን አይናገርም። ስለ አዳም ዌስት ምንም የማያውቅ ሰውም በዚያ ትዕይንት ልቡ ይነካል፤ የሚያውቀው ደግሞ ሁለት ታሪክ በአንድ ጊዜ ያያል። እኔ ጥቅሻ የምለው ይህን ነው።

የመንቲና ልጅ፦

ጋሼ፣ የተናገሩት ሁሉ እውነት ነው፤ ሆኖም የአዳም ዌስት ነገር በየዩቲዩቡ ስለተወራ ተማሪዎቹ ገና «ግራጫው» ሲባል እጃቸውን ያወጣሉ። ከዚያው ክፍል ሳንወጣ ጠንከር ያለ ጥያቄ አለ። ቦምቦቹ የሚጓጓዙት በርቀት መቆጣጠሪያ በሚነዱ የአሻንጉሊት መኪኖች ነው፤ አጥቂውም አሻንጉሊት የሚሰበስብ፣ ለአሻንጉሊት ብሎ ያበደ ሰው ሆኖ ይገኛል። የዚህን ሰው ድምፅ ያወጣው ከተከታታዩ ፈጣሪዎች አንዱ ብሩስ ቲም ራሱ ሲሆን፣ መልኩም በራሱ በቲም መልክ ተስሏል። ሠሪው በአሻንጉሊት ፍቅር የሰከረውን ወንጀለኛ ሌላ ሰው ላይ ከማላከክ ይልቅ ራሱ ላይ አደረገው። «በዚህ ክፍል ውስጥ የተከታታዩ ፈጣሪ የት አለ?» ተብሎ ቢጠየቅ ጥሩ የሚለይ ይመስለኛል።

የሂርማታ ልጅ፦

ሁለቱም ገብተዋል። የጋሼን ለመጀመሪያው ዙር፣ የመንቲናውን ለሁለተኛው አድርጌዋለሁ።

ነጭ ጀበና፦

እኔ ደግሞ ከጅማ ሰው በቀር ማንም ሊያወጣው የማይችል ጥያቄ ይዤ መጥቻለሁ፤ ምናልባት የአዲስ አበባ ሰውም ያወጣው ይሆናል፣ ለጊዜው ግን የእኛ ነው። ሃርሊ ኩዊን ለመጀመሪያ ጊዜ የታየችው «የጆከር ውለታ» በተሰኘው ክፍል ሲሆን፣ የተላለፈውም መስከረም 11 ቀን 1992 ነው። ይህን ወደ እኛ ዘመን አቆጣጠር ብትመልሱት መስከረም 1 ቀን 1985 ዓ.ም. ይሆናል። እኛ እዚህ አበባ አየሆሽ ስንል፣ እርሷ እዚያ ማዶ በቀይና ጥቁር የቀልደኛ ልብስ ወደ ዓለም ትገባ ነበር። ጥያቄው እንዲህ ቢቀርብ ደስ ይለኛል፦ «ከባትማን ጠላቶች መካከል በእንቁጣጣሽ ዕለት የተወለደችው ማን ናት?»

ቅድመ ሁኔታህን ግን አልዘነጋሁም፤ ቀን ማስላት ብቻውን ታሪክ አያበራም። የሚያበራው የልደቷ መንገድ ነው። ሃርሊ ከኮሚክ መጽሔት አልመጣችም፤ ጸሐፊው ፖል ዲኒና ሠዓሊው ብሩስ ቲም ለዚያ አንድ ክፍል ብቻ ብለው የፈጠሯት፣ የባትማን ዋና ጠላት የሆነው የጆከር ረዳት ነበረች። ሐሳቡም የመጣው ለሃርሊ በኋላ ድምፅ የሆነችው የዲኒ ጓደኛ አርሊን ሶርኪን በአንድ የቀን ተከታታይ ድራማ ውስጥ፣ በሕልም ትዕይንት፣ እንደ ቤተ መንግሥት ቀልደኛ ለብሳ ስትጫወት ዲኒ በቪዲዮ ካሴት ስላየ ነው። በ1993 በካርቱኑ ላይ ተመሥርቶ ይወጣ በነበረው መጽሔት 12ኛ ቁጥር ታተመች፤ በዋናው የባትማን መጽሔት ዓለም ውስጥ የገባችው ግን በ1999 ነው። ለአንድ ቀን ተጠርታ የመጣች እንግዳ የቤቱ ባለቤት ሆነች ማለት ነው። ክፍሉን ደግማችሁ ስታዩት ገና ስሟ ያልታወቀ ረዳት ሆና ሳለ እንኳ ከጆከር ቀልድ ይልቅ የእርሷ እንደሚያስቅ ልብ በሉ።

ጊንጆ፦

እህቴ ነጭ ጀበና፣ የእንቁጣጣሹ ነገር በጣም አስደስቶኛል፤ በካላንደር አመሳክሬው ልክ ነው። ይህን ተከትሎ ማታለያ ጥያቄ ላቅርብ። ብዙ ሰው ሃርሊን ካወቀ በኋላ «ለካርቱኑ የተፈጠሩ ሁሉ መጀመሪያ በካርቱን ታዩ» ብሎ ይደመድማል። ፖሊሷን ሬኔ ሞንቶያን ውሰዱ። እርሷም ለዚሁ ተከታታይ የተፈጠረች ናት፤ ነገር ግን ካርቱን ለመሥራት ረጅም ጊዜ ስለሚፈጅ የመጽሔቱ ሰዎች ቀደሟቸውና በ1992 መጀመሪያ ላይ በ«ባትማን» መጽሔት 475ኛ ቁጥር አወጧት። ካርቱኑ አየር ላይ የዋለው ከወራት በኋላ መስከረም ላይ ነው። ልጅቷ ከእናቷ ቤት ሳትወጣ ጎረቤት ክርስትና አነሳት። ችኩል ተወዳዳሪ እዚህ ላይ ይወድቃል።

ቦሳ ላይብረሪ፦

ሁላችሁም ስለ ድምፅና ስለ ገጸ ባሕርይ አወራችሁ፤ እኔ ስለ ስም ልጨምር። «የብረት ልብ» በተሰኘው ባለሁለት ክፍል ታሪክ ውስጥ ሃርዳክ የተባለ ኮምፒውተር የከተማዋን ሹማምንት በሰው ሠራሽ አምሳያዎች መተካት ይጀምራል። ኮምፒውተሩን የፈጠረው ሳይንቲስት ካርል ሮሰም ይባላል። ይህ ስም ከሰማይ አልወረደም፤ የቼኩ ደራሲ ካሬል ቻፔክ በ1920 በጻፈው ተውኔት ውስጥ ሰው ሠራሽ ሠራተኞችን የሚያመርተው ድርጅት የሮሰም ድርጅት ነው፤ ሮቦት የሚለውን መጠሪያ ለዓለም ያወረሰውም ያው ተውኔት ነው። የመጀመሪያ ስሙ ካርል መሆኑም የደራሲውን የካሬልን ስም ያስታውሳል።

ጥቅሻው በዚህ አያበቃም። የሮሰምን ድምፅ የሰጠው ዊልያም ሳንደርሰን ነው። ይህ ተዋናይ በ1982 በወጣው «ብሌድ ራነር» ፊልም ላይ ብቻውን በትልቅ ባዶ ሕንፃ ውስጥ እየኖረ፣ ሰው ሠራሽ አሻንጉሊቶችን እንደ ጓደኛ የሚሠራውን ብቸኛ ሰው ሆኖ ተጫውቷል። እንግዲህ በአንድ ገጸ ባሕርይ ውስጥ የ1920ው ተውኔት በስሙ፣ የ1982ቱ ፊልም በድምፁ ገብተዋል። ሁለቱም ሰው በእጁ ለሠራው ነገር ኃላፊነቱ እስከምን እንደሆነ የሚጠይቁ ሥራዎች ስለሆኑ፣ የሮሰም ጸጸት ከየት እንደመጣ ለሚያውቅ ተመልካች ይበልጥ ይከብዳል። ብዙ የካርቱን ወዳጆች በጀርባ ግድግዳ ላይ የተጻፈ ቁጥር ሲቆጥሩ እንዲህ ያለውን ያልፉታል፤ ይህ ሁልጊዜ ያናድደኛል።

ጤና ግቢ፦

ሁሉንም በአድናቆት አንብቤያለሁ፤ እንደ ጤና ተማሪ ግን አንድ ማስጠንቀቂያ ማስገባት አለብኝ፣ ምክንያቱም ይህ ጥያቄ እንደሚመጣ እርግጠኛ ነኝ። ብሩስ ከእንቅልፉ ሲነቃ ወላጆቹ በሕይወት ያሉበት፣ ባትማንም ሌላ ሰው የሆነበት ክፍል አለ። ያ ሁሉ ሕልም እንደሆነ የሚያውቀው መጽሐፍ ሲገልጥ ፊደላቱ ተዘበራርቀው ማንበብ ስላቃተው ነው። ብሩስ ምክንያቱን ሲያስረዳ ማንበብ የቀኝ አንጎል ሥራ፣ ሕልም ደግሞ የግራው ነው ይላል። ይህ ስህተት ነው። በአብዛኛው ሰው ዘንድ ቋንቋና ንባብ በዋናነት የሚመሩት በግራው የአንጎል ክፍል ነው፤ ሕልምንም ለአንድ ጎን ብቻ መስጠት አይቻልም። በሕልማቸው የተጻፈ ነገር አነበብን የሚሉ ሰዎችም አሉ።

ስለዚህ «ብሩስ ሕልም መሆኑን በምን አወቀ?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ «ሰው በሕልሙ ለምን አያነብም?» ብሎ መጠየቅ ግን ተገቢ አይደለም። እንደ ታሪክ ብልሃት ያየነው እንደሆነ ግን ድንቅ ነው፤ ሠሪዎቹ ከብሩስ ቀድመው ለተመልካቹ በስክሪኑ ላይ የተዘበራረቀውን ጽሑፍ ያሳዩታልና፣ ዓይኑ ፈጣን የሆነ ሰው ከጀግናው እኩል ይደርስበታል።

የሂርማታ ልጅ፦

አመሰግናለሁ፤ የአንጎሉን ጥያቄ በእርግጥም ጽፌው ነበርና አሁኑኑ ሰርዤዋለሁ። ያው ክፍል ግን በመጀመሪያው መልክ ይቀራል።

የመንቲና ልጅ፦

በባትማን ዋሻ ውስጥ ስላለው ግዙፍ ሳንቲም ማንም አላነሳም። በመጽሔቱ ታሪክ ሳንቲሙ የመጣው በ1947 በታተመ ታሪክ ውስጥ ካለ፣ ሳንቲም ብቻ ከሚያሳድድ አንድ ተራ ሌባ ነው። «ለጥቂት አመለጠኝ» በተሰኘው ክፍል ግን ባለቤትነቱ ለቱ-ፌስ ተላልፏል፤ ባትማንን ግዙፉ ሳንቲም ላይ አስሮ ወደ ላይ ያስወነጭፈዋል፣ ባትማን ደግሞ የቱ-ፌስን የራሱን ትንሽ ሳንቲም ሰርቆ በጠርዙ ገመዱን ይቆርጣል። ሕይወቱን በሳንቲም ለሚወስን ወንጀለኛ ሳንቲሙ ከዚያ ሌባ ይልቅ ይስማማዋል። በዚያው ክፍል አምስት ወንጀለኞች ካርታ እየተጫወቱ ባትማንን ለመግደል ምን ያህል እንደተቃረቡ በየተራ ያወራሉ። ኪለር ክሮክ ተራው ሲደርስ የሚለው ትልቅ ድንጋይ እንደወረወረበት ብቻ ነው። ሁሉም በንቀት ዝም ይላል። ያ ክሮክ በመጨረሻ ባትማን ራሱ ተመስሎ የተቀመጠ ሆኖ ይገኛል። የድንጋዩ ወሬ እኮ ፍንጭ ነበር፦ ባትማን ስለ ራሱ ውድቀት ውሸት ሲፈጥር እንኳ ከድንጋይ በላይ አልሄደም።

ጊንጆ፦

አሁን አወዛጋቢውን ላንሳ። በ1998 በወጣው ክፍል ሦስት ልጆች ባትማን ምን እንደሚመስል እየተከራከሩ ይሄዳሉ። አንዱ ልጅ የ1950ዎቹን የመጽሔት አሣሣል በመሰለ ሥዕል ፈገግተኛ ባትማን ያያል፤ ካሪ የተባለችው ቀይ ፀጉር ልጅ ደግሞ በ1986 ፍራንክ ሚለር የጻፈውን ያረጀና ግዙፍ ባትማን ታያለች፤ የልጅቷ ስምና መልክም በዚያው ሥራ ላይ ካለችው የባትማን ረዳት፣ ከሮቢን፣ የተወሰደ ነው። መካከል ላይ ጆኤል የሚባል ልጅ ይመጣል። የቆመው «ሹሜከር» የሚል ጽሑፍ ካለበት ሱቅ ፊት ለፊት ነው፤ ጠባቡን የጎማ ልብስና ግድግዳ ላይ የሚወጣውን መኪና እንደሚወድ ሲናገር ሌሎቹ ንቀው ያልፉታል። ይህ የ1995ቱንና የ1997ቱን የባትማን ፊልሞች በመራው በጆኤል ሹማከር ላይ የተሰነዘረ ተረብ ነው። ለፍጻሜው ዙር ይሁን እላለሁ።

ጂሬን ማዶ፦

አልስማማም። በመጀመሪያ ያ ክፍል የ1992ቱ ሳይሆን፣ ሥዕሉ ተቀይሮ ከ1997 ጀምሮ የወጣው ተከታይ ሥራ ነው፤ ይህን ግን አልፈዋለሁ፣ ሠሪዎቹ እነዚያው ናቸውና። ዋናው ተቃውሞዬ ሌላ ነው። ዳይሬክተሩን የማያውቅ ሰው በዚያ ትዕይንት የሚያየው አንድ ልጅ ሲናቅ ብቻ ነው። ከግራጫው መንፈስ ጋር ሲነጻጸር አንዱ ለሽማግሌ ክብሩን ይመልሳል፤ ሌላው ሰውን በሱቅ ታፔላ ይሰድባል።

ነጭ ጀበና፦

በጋሼ ተቃውሞ ላይ አንድ ነገር ልጨምርና ፍርዱን ለእናንተ ልተው። «የበረዶ ልብ» ከተሰኘው ክፍል በፊት ሚስተር ፍሪዝ የበረዶ ጠመንጃ የያዘ ተራ ወንጀለኛ ነበር። በታመመች ሚስቱ በኖራ ምክንያት ልቡ የቀዘቀዘ ሰው ያደረገው ፖል ዲኒ ነው፤ ኖራ ከዚያ በፊት በየትኛውም መጽሔት አልነበረችም። የሹማከር የ1997 ፊልም ያችኑ ኖራንና ያንኑ የሚስት ታሪክ ወስዷል። እንግዲህ በዓመቱ የካርቱኑ ሰዎች የተረቡት ከገዛ ቤታቸው የተበደረ ሰው ነበር። ይህን ጨምረን «የ1997ቱ ፊልም ከካርቱኑ የወሰደው ምንድን ነው?» ብለን ብንጠይቅ ተረቡም ትርጉም ያገኛል፤ ተወዳዳሪውም ሁለቱን ሥራዎች ማወቅ ይኖርበታል።

ጂሬን ማዶ፦

እንዲህ ከሆነ ተቃውሞዬን አነሳለሁ። የሱቁ ታፔላ ግን እንደ ማብራሪያ ይነገር እንጂ ነጥብ አይሰጥበት።

ጊንጆ፦

ተስማምቻለሁ። ከዚያው ከ«የበረዶ ልብ» ሳንርቅ አንድ የመጨረሻ ላቅርብ። የፍሪዝን ሚስት የሕይወት መሣሪያ ያስቋረጠው፣ በአደባባይ ግን ስለ ሰብአዊነት የሚሸለመው የኩባንያ ኃላፊ ፌሪስ ቦይል ነው። የዚህን አስመሳይ ድምፅ የሰጠው ማርክ ሃሚል ሲሆን፣ በተከታታዩ ውስጥ የመጀመሪያ ሥራውም ይኸው ነበር። ለጆከር ቀድሞ የተመረጠው ቲም ከሪ ነበር፤ እርሱ ሲቀየር ጆከር ለሃሚል ተሰጠ። ስለዚህ ፍሪዝን ወንጀለኛ ያደረገው ሰውና ጆከር በአንድ ጉሮሮ ይናገራሉ። የጆከርን ሳቅ ሳይሰማ ድምፁን የሚለይ ተወዳዳሪ ካለ በርጩማው ይገባዋል። ግን እንዴት እንጠይቀው? ምስሉን ካሳየን ሁሉም በስልኩ ይፈልገዋል።

የሂርማታ ልጅ፦

ምስሉን አናሳይም። ቴሌቪዥኑን በነጠላ እንሸፍንና ቦይል በሽልማቱ ሥነ ሥርዓት ላይ የሚናገረውን ድምፅ ብቻ እናሰማለን፤ ስልኮቹም በዚያ ዙር ሳህን ላይ ተሰብስበው ነጭ ጀበና ዘንድ ይቀመጣሉ። መብራት ቢሄድ እንኳ ድምፁ ከላፕቶፕ ባትሪ ስለሚሠራ ለመጨረሻው ዙር አስቀምጬዋለሁ። የሮሰም ጥያቄ ከእርሱ በፊት ይመጣል፤ ቦሳ ላይብረሪ፣ የቻፔክን ስም አነባበብ ቅዳሜ ከመጀመራችን በፊት ለአንባቢው እንድታስጠናልኝ እለምንሃለሁ። የሚጀምረው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው።